የጨዋታችን ዕቅድ፣ ክፍል 3፦ የወደቀ ተጫዋች ምን ይሁን?

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ማኅበራችን የሚሠራው የስልክ ጨዋታ የዕቅድ ሰነድ ሊያልቅ ነው። አራት አራት ሆነን እንጫወታለን፤ የጨዋታው ካርታ ፋሲል ግቢ ነው፤ አንዱ ዙር 15 ደቂቃ ነው። እስከዚህ ተስማምተናል። ክፍል 3 ግን ባዶ ነው። የተሸነፈ ምን ይጣ? ጓደኛውስ እንዴት ያንሳው? እስከ ቅዳሜ ጻፉ።

ማራኪ፦
እኔ ቅጣቱ ጠንከር ይበል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት በሚባል የኦንላይን ጨዋታ የሞተ ሰው የልምድ ነጥቡ ይቀነስበት ነበር። ዕቃው ደግሞ ሬሳው ጋ ይቀር ነበር። ዕቃውን ለማምጣት እዚያው የሞተበት ቦታ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ጭካኔ ነው፣ አልክድም። ግን ሰው ብቻውን አይንቀዋለልም ነበር፤ ጓደኛ ይፈልጋል። ሞት ካላስፈራ ማን ማንን ይጠብቃል?

ፒያሳ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ይገባኛል፤ ግን እኔ የምሠራው ጌም ቤት ነው። ልጆቹ የሚከፍሉት በሰዓት ነው። ገና በሁለተኛው ደቂቃ የሞተ ልጅ 13 ደቂቃ ሙሉ የጓደኛውን ስክሪን ሲያይ ብሩ እየሄደ ነው። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የተኩስ ጨዋታ ላይ የሞተው ዙሩ እስኪያልቅ ይቀመጣል፤ ዙሩ አጭር ስለሆነ ያስኬዳል። የኛ ረጅም ነው። ቤቱ ሆኖ በዳታ የሚጫወተውንም አስቡት፤ ፓኬጁ እያለቀ ዝም ብሎ ያያል።

አዘዞ፦
ፒያሳ ልክ ነው። ከቅጣት ሁሉ የሚከፋው መቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ኤፔክስ ሌጀንድስ የሚባል የቡድን ተኩስ ጨዋታ እዩት። የወደቀውን ጓደኛው ያነሳዋል። ጨርሶ ከሞተም አያበቃለትም። ጓደኞቹ በ90 ሰከንድ ውስጥ ባነሩን፣ ማለትም የሞተበት ቦታ የቀረውን ምልክቱን፣ አንስተው መመለሻው ጣቢያ ድረስ ይወስዱለታል። ግን በነፃ አይደለም። ጣቢያው ሲሠራ መርከብ እየበረረች ትመጣለች፤ በአካባቢው ያለ ጠላት ሁሉ ያያታል። ዋጋውን የሚከፍለው አዳኙ ነው! ማራኪ የፈለግሽው ፍርሃት እዚህ አለልሽ። የሞተው ሰው ግን ጊዜው አይቃጠልም።

ማራኪ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የጣልነው ጠላት ሁሉ የሚነሳ ከሆነ መጣላችን ምን ትርጉም አለው? ያሸነፈውም እኮ ለፍቶ ነው። አንድ ሰው በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ይመለስ። ሲመለስም ባዶ እጁን ይሁን።

ቀበሌ 18፦
ጀማሪዎቹን አትርሱ እንጂ። ታናሽ ወንድሜን ቡድን ውስጥ ሳስገባው በመጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ነጥብ ከአራታችንም ላይ ከተቀነሰ «አንተ ነህ ያስበላኸን» መባሉ አይቀርም። በነጋታው አይመጣም። ስለዚህ ሽንፈት የተጠራቀመ ነጥብ አይንካ፤ የዚያን ዙር ብቻ ይንካ።

ፒያሳ፦
መብራትም አለ። ባለፈው አምስት ልጆች እየተጫወቱ መብራት ሄደ። ጨዋታው ጥለው እንደወጡ ቆጥሮ ሁሉንም ለጊዜው አገዳቸው። አንዱ ልጅ እንባው መጣ። ምን አጠፋ? ከመስመር የወጣ እንደሞተ አይቆጠር። ሰውየው ባለበት ይቁምና ጓደኞቹ ይሸፍኑት። በ3 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ይቀጥል።

አዘዞ፦
የቆመው ሰው ይመታል ወይስ አይመታም? ካልተመታ ሊሸነፍ ሲል ኔትወርኩን የሚያጠፋ ይመጣል። እኔ ይመታ እላለሁ፤ ግን የአንዴ መመለሻው አይነካበት።

አስተባባሪ፦
አሪፍ። እንዲህ ልጻፈው።

«የወደቀን ተጫዋች ጓደኛው ባለበት ያነሳዋል። ሳይነሳ ከሞተ ጓደኞቹ ምልክቱን ይዘው ከግቢው 12 በሮች ክፍት ወደሆነው ይደርሳሉ። እዚያ ሲመልሱት መለከት ይነፋል፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። አንድ ሰው በዙር አንዴ ይመለሳል፣ ባዶ እጁን። ሽንፈት የተጠራቀመ ነጥብ አይቀንስም። ከመስመር የወጣ 3 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያ መሃል ቢመታ መመለሻው አይቆጠርበትም።»

ያልተቋጨው ስንት በር በአንዴ ክፍት ይሁን የሚለው ነው። እኔ ሦስት እላለሁ።

ማራኪ፦
ሦስት ይበዛል። ሁለት አድርጉትና ቅዳሜ ጌም ቤት በወረቀት ካርታ እንሞክረው። ካርታውን እኔ እስላለሁ።

ፒያሳ፦
ከሰዓት ኑ። ጠረጴዛ ለቅቄ እጠብቃችኋለሁ። ቀበሌ 18፣ ታናሽ ወንድምህን ይዘኸው ና።