አንድ ንባብ፣ 12 "አንድም"፦ ገጹ ላይ እንዴት ላስቀምጠው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አራት ሆነን አንዲት ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እናዘጋጃለን። ኤ5፣ 32 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ መሃሏ በስቴፕለር የተመታች። ለሚቀጥለው እትም የጻፍኩት አጭር ልቦለድ ግን ገጽ ላይ አልቀመጥ ብሎኛል።

ቅርጹን የወሰድኩት ከአንድምታ ነው፤ አንዱን ንባብ (የሚተረጎመውን ቃል) "አንድም" እያለ በብዙ መንገድ ከሚፈታው የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ። እናት ልጇን መናኸሪያ ስትሸኝ "ጋቢህን እንዳትረሳ" ትለዋለች። ንባቡ ይኸው ነው። ከሥሩ 12 "አንድም" ይከተላል። አንድም፣ ብርድ ነው። አንድም፣ ጋቢው የአባትህ ነበር። አንድም፣ አትሂድብኝ። እያንዳንዱ ታሪኩን ይቀይረዋል።

መጀመሪያ ንባቡን ከላይ፣ አንድሞቹን ከሥር ደረደርኩ። ሦስት ጓደኞቼ እንደ ዝርዝር ቁልቁል አነበቡት፤ ወደ እናትየው የተመለሰ የለም። የግርጌ ማስታወሻ አደረግኩት፤ በ8 ነጥብ ፊደል ዓይን ይፈጃል። ንባቡን በግራ ገጽ፣ አንድሞቹን በቀኝ አደረግኩ፤ የሙከራው ቅጂ ሲታጠፍ ፊትና ጀርባ ሆነው ወጡ። በጉባኤ ቤት፣ ትርጓሜው በሚሰጥበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ንባቡን ጮክ ብሎ ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ ድምፁ ራሱ ወደ ንባቡ ይመልስሃል። እኔ ያለኝ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም ስድስት ገጽ።

በቅርጽ ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፦ አንባቢው በየአንድሙ ወደ እናትየው ቃል እንዲመለስ ንባቡን 12 ጊዜ ልድገመው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?