ዋይፋይ ሲበራ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዴ ይንጣጣል፣ መላ ያላችሁ?

ክራር_በቤቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤት ውስጥ ፖድካስት አልፎ አልፎም ክራር የምቀዳባት ላፕቶፕ አለችኝ፣ ዊንዶውስ 10 ናት፣ ሳውንድ ካርዱ በዩኤስቢ የሚሰካ ሁለት ማይክ የሚቀበል ነው። ዋይፋይ ከከፈትኩ ድምፁ ጠ ጠ ጠ እያለ ይቆራረጣል፣ ቀረጻው ላይም ይገባል፣ ዋይፋይ ሳጠፋ ወዲያው ጥርት ይላል። አጥፍተህ ቅዳ እንዳትሉኝ፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ያለው ዱባይ ነው፣ በኢንተርኔት እየተደዋወልን ነው የምንቀዳው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስሰራ ደግሞ ይብስበታል። የዋይፋዩንም የሳውንድ ካርዱንም ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አንስቼ ደግሜ ጭኛለሁ፣ ያው ነው። ጥገና ቤት ሳሳየው ሳውንድ ካርዱ ሞቷል ሌላ ግዛ አለኝ፣ ዋጋውን ደግሞ ታውቁታላችሁ

ዳጊ_ፒሲ፦
ኬብሉን ቀይረህ ሞክር ብሮ፣ ካልሆነ ፎርማት አድርገው ይለቅሃል

ሰርኪት፦
ፎርማት ምን ያረግለታል፣ ዊንዶውስ መልሶ ያንኑ ድራይቨር ነው የሚያወርድለት። ኬብል ቢሆን ዋይፋይ ሲጠፋም ይቆራረጥ ነበር። ሳውንድ ካርዱም አልሞተም፣ የሞተ ነገር ዋይፋይ ስለጠፋ አይነሳም 😂

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋይፋይ ካርዱ ዳታ ሲመጣለት ፕሮሰሰሩን ያቋርጠዋል፣ ከዛ ድራይቨሩ ስራውን ቶሎ ጨርሶ መልቀቅ ነበረበት፣ ዲፒሲ የሚሉት ይሄ ነው፣ ድራይቨሩ ደካማ ከሆነ ግን ያንን ኮር ይዞ አይለቅም። ያንተ ቡፈር፣ ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበት ቦታ ማለት ነው፣ 128 ሳምፕል ነው እንበል በ48 ኪሎኸርዝ፣ ኮምፒውተሩ በየ2.7 ሚሊሰከንዱ አካባቢ አዲስ ድምፅ ማቀበል አለበት ማለት ነው። ዋይፋዩ 3 ሚሊሰከንድ ከያዘው ቡፈሩ ባዶ ሆነ፣ ጠ የምትለዋ ድምፅ እሷ ናት። በዛ ላይ የዩኤስቢ ኦዲዮ ያመለጠውን ፓኬት ድጋሚ አይልክም፣ ያለፈ አለፈ ነው። ዌብሳይት ስትከፍት 3 ሚሊሰከንድ ብትዘገይ ማን ያውቅብሃል፣ ድምፅ ላይ ግን ጆሮህ ይይዛታል

አሁን ላተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነጻ ነው፣ አውርደህ ዋይፋይ በርቶ እየተደዋወልክ ትንሽ አስኪደው። ድራይቨርስ የሚለው ታብ ላይ ከፍተኛውን የዲፒሲ ጊዜ የያዘው ማን እንደሆነ እይ። ኤንዲስ የሚል ስም ካየህ የኔትወርክ ክፍሉ ነው። ከዛ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተህ ዋይፋዩን ዲሴብል አርገህ ድገመው፣ ቁጥሩ ከወረደ ጉዳዩ አለቀ። ኤርፕሌን ሞድ ብቻ አይበቃም፣ ድራይቨሩ ያኔም ተጭኖ ነው ያለው

ክራር_በቤቴ፦
ወንድሜ ተባረክ። እንዳልከው አስኬድኩት፣ ኤንዲስም የዋይፋዩ ድራይቨርም ላይ ላዩን ናቸው፣ ቀይ በቀይ ሆነ። ዲሴብል ሳደርገው አረንጓዴ። እና አሁን ምን ላርግ፣ የዋይፋይ ካርዱን ልቀይር?

ሰርኪት፦
ቆይ ገንዘብህን አታውጣ። ዋይፋዩ ላይ ራይት ክሊክ፣ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዛ ኢንተርኔት ላይ ፈልግ የሚለውን ሳይሆን ኮምፒውተሬ ላይ ካለው ልምረጥ የሚለውን፣ ከዝርዝሩ የቆየውን ቨርዥን ምረጥ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የላፕቶፑ አምራች ዌብሳይት ላይ በሞዴልህ ፈልገው። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም፣ በተለይ ዋይፋይ ድራይቨር ላይ

ባትሪ ላይ የሚብሰው ደግሞ የፓወር ሴቪንግ ጣጣ ነው። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዋየርለስ አዳፕተር የሚለውን በባትሪም ማክሲመም ፐርፎርማንስ አድርገው፣ እዛው የዩኤስቢ ሰለክቲቭ ሰስፔንድን (ዩኤስቢውን ለቁጠባ የሚያስተኛውን) አጥፋ። ከዛ የዋይፋዩ አድቫንስድ ታብ ላይ ሮሚንግ አግረሲቭነስ የሚል ካለ ዝቅተኛው ላይ አውርደው፣ ሌላ ኔትወርክ ፍለጋ ሲቅበዘበዝም እንዲህ ያደርጋል። ሳውንድ ካርዱ ላይ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር ተጠቀም፣ ድምፅ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የተሰራ ነው። ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ የራሱ የዩኤስቢ ኦዲዮ 2 ድራይቨር ስላለው ስትሰካው ዝም ብሎ ይሰራል፣ ሰው እሱን አይቶ የአምራቹን ሳይጭን ይተወዋል

ቤቲ_ሚክስ፦
እኔ ጋ ተመሳሳይ ነገር ነበር ግን ዋይፋዩ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ) ነው። ዶንግሉና ሳውንድ ካርዱ አንድ ሃብ ላይ ነበሩ፣ ሳውንድ ካርዱን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ግማሹ ተቃለለ። ሌላው ግማሽ ድራይቨር አልነበረም፣ አጠገቡ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ነበር። ኢንቴል ራሱ በ2012 ጽፎታል፣ ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ የሚረጨው ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። ዋይፋዩ ይታወክና ደጋግሞ መላክ ይጀምራል፣ በስልክ የምታወራው ሰው ድምፅ ይቆራረጣል፣ አንቺ ሳውንድ ካርዱን ትረግሚያለሽ። ዶንግሉን በኤክስቴንሽን አርቄ ራውተሩ ላይ 5 ጊጋኸርዙን ስመርጥ ጸጥ አለ። ክራር፣ የአንተ ካርድ ውስጥ ቢሆንም 5 ካለህ ሞክረው

ዳጊ_ፒሲ፦
ለምን በስልኩ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አይጠቀምም ታዲያ፣ ዋይፋይ የለ ጣጣ የለ

ሰርኪት፦
ቴተሪንግም በኔትወርክ ድራይቨር ነው የሚያልፈው፣ ደግሞ በዛው በዩኤስቢ። ሊሻልም ላይሻልም ይችላል። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ የላን ኬብል ይበልጠዋል

ክራር_በቤቴ፦
አሮጌውን ድራይቨር መርጬ ቻርጀር ላይ ፍጹም ጸዳ፣ ባትሪ ላይም ፓወር ኦፕሽኑን ካስተካከልኩ በኋላ። ማታ ከልጁ ጋር ሙሉ ክፍል ቀዳን አንድም ጠ የለም። ቡፈሩን ግን 256 አድርጌዋለሁ ለጥንቃቄ፣ ቡፈር ሲጨምር ድምፁ ትንሽ ይዘገያል፣ ለወሬ ምንም አይልም፣ ክራር ስቀዳ ግን እመልሰዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ነገ አዲሱን መልሶ ቢጭንብኝስ?

ሰርኪት፦
ይጭንብሃል። ፕሮ ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ስር ድራይቨር እንዳይጨምር የሚል አለ፣ ኢኔብል አድርገው። ሆም ከሆነ አሮጌውን ድራይቨር ፍላሽ ላይ አስቀምጠው፣ ሲቀይርብህ መልሰህ ትጭናለህ