የኅዳር ፊልም ምሽት፦ ለቦርዱ የምናስገባውን ሐሳብ አብረን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። የተመረጠው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የሮናልድ ኒም «ያልነበረው ሰው» ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ እንግሊዞች አንድ አስከሬን የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ አሳሳች ደብዳቤ ያለበት ቦርሳ አስይዘው፣ ከሰርጓጅ መርከብ ስፔን ዳርቻ ላይ ይለቁታል። ጀርመኖች የእንግሊዞችና የአጋሮቻቸው ጦር ግሪክና ሰርዲኒያ ሊወርድ ነው ብለው ያምናሉ። የወረደው ሲሲሊ ነው። እስከ ዓርብ አንድ ገጽ እንጻፍ።

አባል 1፦ አስከሬኑ ኪስ የከተቱት ነገር መግቢያው ላይ ይግባ! የቲያትር ትኬት ቁራጭ፣ የእጮኛ ደብዳቤ፣ የባንክ ዕዳ ማሳሰቢያ። ያ ሁሉ ኮተት ባይኖር ደብዳቤውን ማን ያምናል?

ገንዘብ ያዥ፦ የማሳያ ፈቃድ ሳይከፈል ማስታወቂያ አይለጠፍ። ዲቪዲ ገዛን ማለት አዳራሽ ውስጥ ማሳየት ተፈቀደልን ማለት አይደለም። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆነ አዳራሹን ለአንድ ምሽት ብንይዝ ይበቃል።

አባል 2፦ «እውነተኛ ታሪክ» ብለን ብቻ እንዳንለጥፍ አደራ። ለንደን መጥቶ የሚያጣራው አየርላንዳዊ ሰላይ ፈጠራ ነው። ለልጁ አስከሬን ፈቃድ የሚሰጠው አባትም እንደዚያው። ሟቹ ግሊንዱር ማይክል የተባለ ቤት አልባ የዌልስ ሰው ነበር። የሞተው በአይጥ መርዝ ነው፤ ወላጆቹም ቀድመውት ሞተዋል። ስሙ አደባባይ የወጣው በ1990ዎቹ ስለሆነ በፊልሙ አልፈርድም። እኛ ግን እያወቅን ዝም ካልን ነውር ነው።

አባል 1፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግን ቀድመን ከተናገርን ልብ ሰቀላው ይሞታል። ሰላዩ ፈጠራ መሆኑን ያወቀ ሰው ምኑን ይጨነቃል?

አባል 2፦ እሺ፣ ከፊልሙ በኋላ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ስጡኝ። ኡኤልቫ በምትባለው የስፔን ከተማ ያለው መቃብሩ ላይ እውነተኛ ስሙ የተጨመረው በ1998 መሆኑን እናገራለሁ።

አባል 3፦ በዚያው የሞንታጉን ጉድ ይጨምሩልን! ዕቅዱን የመራው እውነተኛው ሰውዬ ፊልሙ ውስጥ የአየር ኃይል ሹም ሆኖ ይገባና ራሱን የሚጫወተውን ተዋናይ ዕቅድ ይጠራጠራል። እንደዚህ ያለ ቀልድ የትም አላየሁም። ደግሞ ለእናቶቻችን እንግሊዝኛው ይፈጥናል። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ይሠራለት?

ሰብሳቢ፦ ለጽሑፉ ጊዜ የለንም። ባለአንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ በር ላይ ይታደል፤ መጨረሻውን ግን እንዳይናገር። ጸሐፊያችን ውይይቱን ከፊልሙ በኋላ አድርገሽ አርቅቂ። ገንዘብ ያዥ የፈቃዱን ዋጋ እስከ ሐሙስ ያምጣልን።