ለአገር ቤት ደን 340 ሺህ ብር አዋጥተናል፤ ምን ላይ እናውለው?

ጥያቄ፦ «የሰባት ቤት ልጅ»፣ መርካቶ

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ካለ አንድ ቀበሌ የመጣን፣ እዚህ አዲስ አበባ የምንኖር የአገር ልጆች ማኅበር አለን። 62 ነን። አብዛኞቻችን የምንውለው መርካቶ ነው። በወር አንድ እሁድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በምንከራያት ጠባብ አዳራሽ እንገናኛለን።

ከቀበሌው በላይ ጋራው ላይ ደን አለ። ሽማግሌዎቹ «40 ሄክታር ይሆናል» ይላሉ፤ የለካው ግን የለም። ዝግባ፣ ጽድ፣ ጥቁር እንጨት፣ አልፎ አልፎ ኮሶ አለበት። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ውስጡ በቀትር ይጨልም ነበር። አሁን ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ ገብቶበታል። መሐሉ ከሰል ይከሰልበታል። ከሥሩ የምትወጣው ምንጭ በበጋ ክር አክላለች።

340 ሺህ ብር አዋጥተናል። ያሰብነው ችግኝ ገዝተን ሐምሌ ላይ ለማስተከል፣ በቀረው ሁለት ዘበኛ ለመቅጠር ነው። ግን አምና 5,000 ችግኝ ልከን ነበር። ለመስቀል ስንገባ ቆሞ ያገኘነው መቶ አይሞላም። ግማሹን ከብት፣ ግማሹን ፀሐይ በላው። ለአንድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍን፤ «እናየዋለን» አሉን። እስካሁን እያዩት ነው።

የአገሬው ሰው ደግሞ «ላኩ፣ እንተክላለን» ይላል እንጂ ልቡ የለበትም። የት ጋ ነው የተሳሳትነው?

«አጣና ነጋዴ»

ወንድሜ፣ እኔ አጣና ተራ ነው የምሠራው። እውነቱን ልንገርህ፤ ያ ደንህ ዳር የገባው ባህር ዛፍ አድጎ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ፎቅ በተሠራ ቁጥር ገበሬው ይተክላል። አትፍረድበት፣ ልጅ የሚያስተምረው በሱ ነው። እኔ ብሆን ግን ዘበኛውን እቀጥር ነበር። ከሰል አክሳይ ዱላ ካላየ አይሸሽም።

«ጡረተኛው»፣ አራት ኪሎ

በደን ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ለሁለት ዘበኛ በወር አምስት አምስት ሺህ ብትከፍሉ ገንዘባችሁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያልቃል። ከዚያስ? ደግሞም ዘበኛው የዚያው መንደር ልጅ ነው። ከሰል የሚያከስለው የአክስቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ማንን ይይዛል? እኛ በመንግሥት ደመወዝ ስንት ጠባቂ አሰማርተን ደኑ ከኋላችን ሲያልቅ አይተናል።

የምጠይቅህ ጥያቄ አንድ ነው። ደኑ የማን ነው?

የአገሬው ሰው ልብ የሌለው ለዚህ ይመስለኛል። ዛሬ የጠበቀውን ነገ ሌላ መጥቶ ቢቆርጠው «የኔ ነው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ስለዚህ ቀድሞ መቁረጥ ብልጠት ይሆናል። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይወስደዋል፣ አይደል?

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከግልና ከመንግሥት ሌላ የማኅበረሰብ ደንንም፣ የማኅበራት ደንንም ያውቃል። ደኑ የመንግሥት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ነዋሪው በውል ተረክቦ ሊያስተዳድረው ይችላል። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው ይኼ ነው። ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን ከቀዳሚዎቹ ነው። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ አምስት ገበሬ ይዛችሁ ሂዱ። ገበሬ ገበሬን ነው የሚያምነው።

ሌላው አዳባ ዶዶላ ነው። እዚያ በ1992 ዓ.ም. ገደማ «ዋጂብ» የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አንድ ቡድን ከ30 ቤተሰብ አይበልጥም ነበር። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ደን ታሰበ። ለመንግሥት ኪራይ ይከፍሉ፣ በምላሹ ከአባል ውጪ የሆነ ሰው እንዳይገባ የማድረግ መብት ያገኙ ነበር። ጥሩ ሠርቷል። ጉድለቱም አለ፤ አባል ያልሆነው ጎረቤት አኮረፈ። በእናንተ ስሌት 40 ሄክታር በ12 ሲካፈል ሦስት ቤተሰብ ብቻ ነው! ስለዚህ የእናንተ ደን የሰው መተዳደሪያ አይሆንም። ማር፣ ሣር፣ የደረቀ እንጨትና ውኃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግቡ።

ችግኙን ለጊዜው ተዉት። ወላይታ ሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ነው ያገገመው። አብዛኛው በችግኝ አይደለም። ከብት እንዳይገባ ከለሉት። ከተቆረጠው ጉቶ ያቆጠቆጠውን ደህና ደህናውን አስቀርተው ሌላውን ገረዙት። ሥሩ መሬት ውስጥ ስላለ ካንተ ችግኝ በዓመታት ይቀድማል። እናንተ ጋ ደግሞ ዘር የሚያፈሱ ዝግባና ጽድ ገና ቆመዋል። የጎደለው ከብቱ የሚከለከልበት ስምምነት ነው።

«የሰባት ቤት ልጅ»

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ይዤ ትናንት ማታ አገር ቤት ደወልኩ። አጎቴ «የመንግሥት ነው» አለኝ። ስልኩን የተቀበለው ልጁ «የኛ ነው» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ «ተጠንቶ ይነገራል»። ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ።

«የመንዝ ልጅ»

እንግዲህ የመንዙ ጓሳ ሳይነሳ አይቀርም፤ ልቅደም።

እኛ ጋ ደን ሳይሆን የሣር ጋራ ነው። ጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ፣ የሁለት ቀደምት አባቶች፣ ወገኖች በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። ከየወገኑ አለቃ ይመረጣል። ጋራው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። ሳይከፈት የገባ ይቀጣል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስካሁን ያለው በዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ «ለዘላለም አትንኩ» የሚል ሕግ አልነበረም። ዘግቶ የመክፈት ሕግ ነው። ሰው የሚከፈትበትን ቀን ካወቀ ይታገሣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ርስቱ ቀረ፣ ሥርዓቱም አብሮ ላላ። በኋላ ነዋሪው በቀበሌ በቀበሌ ኮሚቴ አቋቁሞ እንደገና ያዘው። እናንተም መቼ ምን እንደሚከፈት ካልጻፋችሁ ደንቡ በክረምት ወጥቶ በበጋ ይፈርሳል።

«እትዬ ከእንድብር»፣ ጎጃም በረንዳ

አንተ የሰባት ቤት ልጅ፣ መንዝ ድረስ ምን አስኬደህ? ጀፎረን ረሳኸው?

ለማታውቁት፣ ጀፎረ ማለት በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ሸንጎው እዚያ ላይ ነው። ለም መሬት ነው፣ እንሰት ቢተከልበት ያምርበታል። ግን ማን ያርሰዋል? ዘበኛ አለው? የለውም። አንድ ክንድ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አሁን አሁን የሚገፉ አልጠፉም፣ ቢሆንም መንደር ሙሉ ያወራባቸዋል። የጆካ፣ የጉራጌ ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቂጫው፣ የአባቶች ሕጉ፣ አለ። ደኑን የዚያን ያህል የራሳቸው ቢያደርጉት ዱላም አያስፈልግ።

ሌላ ልጠይቅህ። ገበሬውን ስታነጋግሩ ሴቶቹን አነጋገራችሁ? የደረቀ እንጨት የሚለቅመው ማነው? ቆጮው በምን ይጋገራል? ወንዶቹ ቁጭ ብለው «ደኑ ተዘግቷል» ቢሉ፣ በማግስቱ እናትህ ገመዷን ይዛ መግባቷ አይቀርም፤ ምሳ ነዋ። ማክሰኞና ዓርብ የደረቀ ብቻ፣ ያለ መጥረቢያ ይለቀም ብትሉ ታከብረዋለች። ከሰል አክሳዩንም ቀድማ የምትነግራችሁ እሷ ናት፤ ማን መቼ እንደሚገባ ከሷ የተሰወረ ነገር የለም።

ምርጥ የሚሉት የሲሚንቶ ምድጃ እንጨት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግን የተሠራው ለእንጀራ ምጣድ ነው። ለቆጮው ይስማማ እንደሆነ መጀመሪያ ሦስት ቤት ሞክሩት። መቶ ገዝታችሁ የዶሮ ቤት እንዳይሆን።

«ፈጣን»

ካርቦን ለምን አትሸጡም? ደን ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፍል አለ። ሁምቦዎች ዶላር አግኝተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

«ጡረተኛው»

አግኝተዋል፣ ልጄ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው፣ የዓለም ባንክ ፈንድ ገዢ ሆኖላቸው። የባሌ ደን ካርቦንም ተሸጧል፣ እሱማ ስፋቱ አይወራም። በ40 ሄክታር ግን ለኪው፣ አረጋጋጩና ሰነዱ ብቻ የሚበላው ከሚገኘው ይበልጣል። ካርቦን የሚለውን ቃል አገር ቤት ባታነሱት ይሻላል። አንዴ «ዶላር ይመጣል» ከተባለ ሰው ደኑን ትቶ ዶላሩን ነው የሚጠብቀው።

ይልቅ የገንዘቡን ነገር ልናገር። በእኔ ግምት ትልቁ ወጪ መሆን ያለበት ማንም ፎቶ የማይነሳበት ሥራ ነው። ወሰኑን ከአጎራባቾቹ ጋር በእግር መዞር። በጂፒኤስ መለካት። የዛፍ ቆጠራ ማድረግ፤ ምን ያህል እንዳለ ሳይታወቅ ምን ያህል እንደሚወሰድ አይታወቅም። ከወረዳው ባለሙያ ጋር የአስተዳደር እቅድ ማዘጋጀት። ደንቡን ማርቀቅ፣ ለጉባኤ ማቅረብ፣ ውሉን ማስፈረም። ለዚህ ሁሉ አበል፣ ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስብሰባ ቡና ይወጣል። በክልል ጉዳይ ካላችሁ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ስለሆኑ መመላለሱን አስቡት። ከ340 ሺው ግማሹ እዚህ ቢያልቅ አይክፋችሁ። ከዚያ ቀፎ ግዙ። ብሳና ካለ ማር አለ። ቀፎውን የሰቀለ ሰው እሳት አይለኩስም፣ የሚለኩስም አያስጠጋም።

ለመስቀል ስትገቡ ሰው ሁሉ ስለሚሰበሰብ ጉባኤውን ያኔ ማድረጉ ጥሩ ነው። ግን አደራ፣ እናንተ ከተሜዎች ክትፎ ላይ ተቀምጣችሁ ደንብ እንዳታወጡ። ከክትፎው ቀድማችሁ ተሰብሰቡ፣ ከዚያም ዝም በሉ። የመኪና ቁልፍ ይዞ የሚናገር ሰው ካለ ገበሬው «እሺ» ይላል። አምና የሰማችሁት «እንተክላለን» እሱ ነው።

«አጣና ነጋዴ»

ጋሼ አሸነፉኝ፣ ዘበኛውን ትቻለሁ። ግን አንድ ነገር፤ ዳር የገባውን ባህር ዛፍ ንቀሉ አትበሏቸው። ወሰኑ ሲለካ ከወሰን ውጪ የሆነው ይቅርላቸው። ውስጥ የገባው አንዴ ተቆርጦ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ለማኅበሩ ይግባ፣ ጉቶው ይነቀል። እኔ እገዛለሁ፣ በገበያ ዋጋ። አትሳቁ።

«የሰባት ቤት ልጅ»

ባለፈው እሁድ አዳራሹ ውስጥ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። «ችግኝ ካልላክን ምን ሠራን ልንል ነው?» ያሉ አሉ፤ ቲሸርትም ታትሞ ነበር። በመጨረሻ ግማሹን ለወሰንና ለውል፣ ሃምሳ ሺውን ለቀፎ፣ ለሙከራ ሦስት ምድጃ ብለን ወሰንን። ቀሪው ባንክ ይቀመጣል፤ ደንቡ ሲጸድቅ የሚያዙበት እነሱ ናቸው። እትዬ፣ ሴቶቹን የሚያነጋግሩት ሁለት እህቶቻችን ናቸው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ይገባሉ። ወንዶች አንከተልም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጂፒኤስ የሚያከራይ ወይም መለካት የሚችል ሰው የምታውቁ አላችሁ? ጋራው ላይ ለመውጣት ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በቅሎ እናዘጋጃለን።