ዳታ አናሊስት በአስቸኳይ! የሽያጭ ፋይሌ ተዘበራርቋል

ባለሱቋ፦ ሰላም ወገኖች። መርካቶ የመዋቢያና የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ነኝ። ባንክ ለብድር የ2017ን ሽያጭ በየወሩ ከፋፍለሽ ሰኞ አምጪ ብሎኛል። ፋይሉን ይይዝ የነበረው ልጅ ሥራ ለቋል፤ ስልክም አያነሳም። ኤክሴሉን በቀን ስደረድረው የመስከረሙም የሰኔውም ሽያጭ ኦክቶበር ውስጥ ይከመራል። ብዙው ደግሞ ጭራሽ ወር የለውም። ዳታ አናሊስት (የመረጃ ተንታኝ) የት ይገኛል? ደመወዙስ ስንት ነው? በቋሚነት ነው የምቀጥረው። በናታችሁ ቶሎ!

የጎተራው፦ ጎግል ሺትስ ላይ ጫኚው፣ ይስተካከላል።

ቁጥር አይዋሽም፦ እህቴ፣ ከባለሙያው በፊት መረጃው ይቅደም። አንዱ ሻጭ «ሻምፑ ትልቁ»፣ ሌላው «ትልቅ ሻምፖ»፣ ሦስተኛው «ሻምፖ 1 ሊትር» ብሎ ከጻፈ ኤክሴል ሦስት ዕቃ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ስጪ። ዱቤው የራሱ ዓምድ ይኑረው። በቴሌብር የገባውና በጥሬው የገባው ይለይ። ይህ ሳይሆን የሚቀጠር አናሊስት ወር ሙሉ ስም ሲያርም ነው የሚውለው።

ባለሱቋ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ሰኞ ነው ያልኩት!

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ለሁለት ሦስት ሱቅ ዳታ አናሊስት ምን ያደርጋል? አንቺ የሚያስፈልግሽ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛና ታማኝ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ስሙ ሲያምር ደመወዙም ይጨምራል።

ባለሱቋ፦ ሒሳብ ሠራተኛ አለኝ፣ ግብሩን ይሠራልኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው የቱ ዕቃ እንደሚሄድና የቱ ገንዘቤን ይዞ እንደሚቀመጥ ነው። አምና ስንት ካርቶን ክሬም ጊዜው አልፎበት ተጣለ መሰላችሁ።

ጳጉሜ 5፦ ልጁን ተዪው፣ የጠፋችው ጳጉሜ ናት 😂 ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅማ! አሁን ከምሬ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው አይደል? ኮምፒውተርሽ ደግሞ ወርን የሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ነው። ጥቅምት 10ን 10/2/2017 ብለው ሲጽፉ ኦክቶበር 2 ያደርገዋል። ስለዚህ በየወሩ 10ኛው ቀን የተሸጠው ሁሉ ኦክቶበር ገብቷል። ከ12 በላይ የሆነውን ቀን ግን ቀን ብሎ አይቀበለውም፣ ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀራል። ወር የለውም ያልሽው እሱ ነው። የጳጉሜ 3 ሽያጭ ደግሞ ማርች 13 ሆኖልሻል፣ ፈልጊው።

መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ያዢ፣ ዋናውን አትንኪ። ሦስት አዲስ ዓምድ ክፈቺ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ቀን የሆኑት ላይ ኤክሴል «ወር» የሚለው የእኛ ቀን ነው፣ «ቀን» የሚለው የእኛ ወር ነው፤ አገላብጠሽ አውጪ። ጽሑፍ ሆነው የቀሩትን በእዝባሩ (/) ክፈያቸው። ከዚያ በወር ቁጥሩ ደምሪ። ባንኩን ደግሞ 2017 ሲል ከመስከረም ነው ወይስ የበጀት ዓመቱን፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ብለሽ ጠይቂ።

የጎተራው፦ ጎግል ሺትስ ብያለሁ እኮ።

ጳጉሜ 5፦ ወንድሜ፣ የተገለበጠው ቀን እዚያም እንደተገለበጠ ነው የሚገባው።

ከሐዋሳ፦ ስለ ቅጥሩ እኔ ልመልስ፣ ሁለት ሰው ቀጥሬ አይቻለሁ። ደመወዝ እንደ ልምዱ ነው፣ በአንድ ቁጥር አይመለስም። ቋሚ ከማለትሽ በፊት አንድ ሥራ ቆርጠሽ ስጪ፣ ክፈዪም። የሦስት ወር ሽያጭ ሰጥተሽ «የትኞቹን ዕቃዎች ማዘዝ ላቁም?» በዪ። ሰርተፍኬት ከሚደረድረው ይልቅ «ይሄ ዱቤ ተከፍሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅሽን ያዢ። የደንበኞችን ስምና ስልክ ሳታጠፊ ፋይል አትላኪ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ቋሚ ከሆነ የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ይሁን፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ፋይሉም የይለፍ ቃሉም በአንቺ ኢሜይል ይከፈት፣ በሠራተኛው አይሁን።

ባለሱቋ፦ ጳጉሜ፣ ተባረክ! ማርች 13 ላይ አገኘሁት። ቅጂውን ይዤ እየሞከርኩ ነው። መገልበጡ ገባኝ፣ በእዝባሩ መክፈሉ ግን የት ነው?

ጳጉሜ 5፦ «ዳታ» ውስጥ «ቴክስት ቱ ኮለምንስ» የሚለውን ተጫኚ። «ዲሊሚትድ» ምረጪና «አዘር» ላይ እዝባር አስገቢ። በቀኝ በኩል ባዶ ዓምዶች ተዪለት፣ አለዚያ ዋጋው ላይ ይጽፍብሻል።

እናትና ልጅ ዳቦ ቤት፦ የእኔም እንደዚሁ ነው፣ ግን ወሩ በቃል ነው የተጻፈው፦ «ጥቅምት 10»። ምን ላድርግ?

ጳጉሜ 5፦ ያንቺማ ይቀላል። በባዶ ቦታው ክፈዪውና በወሩ ስም ደምሪ። «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» ግን ተለያይተው ይቆጠራሉ፣ አስቀድመሽ አንድ አድርጊያቸው።