በጃቫ ኦብጀክቱ ሥራውን ሲጨርስ የከፈተው ፋይል ለምን አይዘጋም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሲ ፕላስ ፕላስ ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ ወደ ጃቫ ተሸጋግሬአለሁ። እንደ ቀድሞ ልማዴ ፋይሉን በኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚሠራው ኮድ) ውስጥ ከፍቼ መዝጊያውን ኦብጀክቱ ከመወገዱ በፊት ይጠራል በሚባለው ፋይናላይዝ በተባለው ሜተድ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ብዙ ፋይሎችን በተከታታይ ሲያነብ፣ የተከፈቱት ፋይሎች ከመጠን አልፈዋል የሚል ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። ሜሞሪው ግን ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። ኦብጀክቶቹ ከስኮፓቸው (ከተፈጠሩበት የኮድ ክልል) ሲወጡ አይጠፉም?

መልስ 1፦
አይጠፉም። በሲ ፕላስ ፕላስ በስኮፑ ውስጥ የተፈጠረ ኦብጀክት ስኮፑ ሲያበቃ፣ በኤክሴፕሽን (ሥራውን በሚያቋርጥ የስሕተት ምልክት) ቢቋረጥና ኤክሴፕሽኑ ቢያዝ እንኳ፣ ዲስትራክተሩ (የማፍረሻው ኮድ) ይጠራል፤ ብዙ ከሆኑም መጨረሻ የተፈጠረው በቅድሚያ ይፈርሳል። በጃቫ ግን ከስኮፑ ጋር የሚያበቃው ሪፈረንሱ (ወደ ኦብጀክቱ የሚያመለክተው መጠቆሚያ) ብቻ ነው። ኦብጀክቱ በሂፕ (ኦብጀክቶች በሚቀመጡበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ እንዳለ ይቆይና የሚደርስበት ሪፈረንስ ከታጣ በኋላ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማይፈለጉ ኦብጀክቶችን ከሜሞሪ የሚያስወግደው የጃቫ ክፍል) በራሱ ጊዜ ያነሣዋል። ኮሌክተሩን በዋናነት ለሥራ የሚያነሣሣው የሜሞሪ መጥበብ እንጂ የተከፈቱ ፋይሎች ብዛት አይደለም፤ ሜሞሪዎ ሰፊ በመሆኑ ኮሌክተሩ ሳይነሣ ፋይሎቹ ተጠራቀሙ። ፋይናላይዝም በጃቫ 9 (2017) እንዳይጠቀሙበት የተመከረ፣ በጃቫ 18 (2022) ደግሞ ወደፊት እንዲወገድ የተወሰነበት ነው። ክላስዎ ክሎዝ የተባለ የመዝጊያ ሜተድ እንዲኖረው የሚያስገድደውን አውቶክሎዘብልን ኢምፕሊመንት ያድርግ፤ ኦብጀክቱንም ከጃቫ 7 ጀምሮ በተፈቀደው መንገድ በትራይ ቅንፍ ውስጥ ይፍጠሩት። ብሎኩ ሲያበቃ ክሎዝ ያለጥርጥር ይጠራል።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚደርስ ሌላ ስሕተት አለ፤ በእኔ እይታ ከዚህኛው ይከፋል፤ የሚታየው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነውና። ኮንስትራክተርዎ ሁለት ፋይሎችን ቢከፍትና ሁለተኛው ኤክሴፕሽን ቢያስነሣ፣ ጠሪው ኦብጀክቱን ስለማያገኘው ክሎዝን ሊጠራ አይችልም፤ የመጀመሪያው ፋይል እንደተከፈተ ይቀራል። በሲ ፕላስ ፕላስም በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱ የኦብጀክቱ ዲስትራክተር አይጠራም፤ ተፈጥረው ያለቁት ሜምበሮቹ (በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች) ግን በየዲስትራክተራቸው ይፈርሳሉ። በጃቫ ኤክሴፕሽኑን እዚያው ይዘው፣ የመጀመሪያውን ፋይል ዘግተው፣ ኤክሴፕሽኑን መልሰው መወርወር ይኖርብዎታል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም አስተካክያለሁ። በፓይተን ግን ሳልዘጋው ይዘጋልኝ ነበር፤ ይህስ ለምን ሆነ?

መልስ 1፦
ሲፓይተን የተባለው የተለመደው አተገባበር የእያንዳንዱን ኦብጀክት ሪፈረንሶች ስለሚቆጥር፣ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ወዲያው ያፈርሰዋል። ሁለት ኦብጀክቶች እርስ በርስ ከተያያዙ ግን ቁጥሩ ዜሮ አይደርስምና ሌላ ኮሌክተር እስኪያገኛቸው ይቆያሉ። ቋንቋው ራሱ ወዲያው ለማፍረስ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ በፓይተንም ፋይሉን በዊዝ (ብሎኩ ሲያበቃ ፋይሉን በሚዘጋው ትእዛዝ) ይክፈቱት።