ከኋላ የተገጨች መኪናዬ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፤ «በፋብሪካ ተፈትናለች» መባሉ ይበቃል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ከአንድ ወር በፊት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ከኋላዬ የነበረ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት ገጨኝ። ላሜራው ተቃንቶ፣ ቀለም ተቀብቶ መኪናዬን ተረክቤያለሁ፤ ነገር ግን ታንከሩን ሙሉ ባስሞላሁ ቁጥር ቤንዚን ይሸታል፤ ግማሽ ሲደርስ ሽታው ይጠፋል። የጋራዡ ባለሙያ «በከባድ ፍጥነት ተገጭታ የተፈተነች ናትና አትስጋ» ብሎኛል። ፈተናው ምንድን ነው? ለእኔስ መኪና ዋስትና ይሆናል?

መልስ (ወልድያ፣ የአውቶ መካኒክ መምህር)፦ የተፈተነችው መኪና ያንተ ሳትሆን የሞዴሏ እህት ናት፤ እርሷም ተጨፍልቃ ቀርታለች። በግጭት ጊዜ የነዳጅ ፍሳሽን በሚመለከተው የአሜሪካው ደንብ ቁጥር 301 መሠረት 1,368 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተንቀሳቃሽ መግጫ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረረ የቆመችውን መኪና ከኋላ በኩል 70 በመቶ ስፋቷን ይመታታል። ቀድሞ ፍጥነቱ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በታንከሩ ውስጥ በቤንዚን ፋንታ እንደ ቤንዚን በቀላሉ የማይቀጣጠል ፈሳሽ ይሞላል። መኪናዋ እስክትቆም ድረስ ከ28 ግራም በላይ (የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም)፣ በቀጣዮቹ 5 ደቂቃዎች ደግሞ በድምሩ ከ142 ግራም በላይ መፍሰስ የለበትም። ከዚያም በጎን፣ በጣሪያ እየተገለበጠች ፍሳሹ ይለካል። ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው ቱቦዋ ስላልተነካ አዲስ መኪና ነው።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ መካኒክ)፦ ወንድሜ፣ ሲሞላ ብቻ መሽተቱ ቦታውን ራሱ ይናገራል፤ የሚያፈሰው ከላይ ነው። የመሙያው አንገት ከታንከሩ ጋር የሚገናኝበትን ጎማ ቱቦና ቀጭኑን የመተንፈሻ ቱቦ አስፈትሽ። ላሜራው ወደ ፊት ሲገፋ አንገቱን ይዞት ይሄዳል፤ ላሜራው ቢቃናም ጎማው ተሰንጥቆ፣ ፋሸታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ላልቶ ይቀራል። ቤንዚን የነበረበትን ታንከር ግን ማንም በብየዳ እንዳይነካው፤ ባዶ የሚመስለው ታንከር በጋዝ የተሞላ ነው።

መልስ (ሐይቅ)፦ በታንከሩና በዲፈረንሻሉ (ኃይል ለኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ክፍል) መካከል ወፍራም ላሜራ ማስበየድ አይሻልም?

መልስ (ወልድያ፣ መምህሩ)፦ አይሻልም። የፎርድ ፒንቶ (በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረች ትንሽ የአሜሪካ መኪና) ታንከር ከኋላ ሲመታ ወደ ዲፈረንሻሉ እየተገፋ በብሎኖቹ ይበሳ፣ የመሙያ አንገቱም ይነቀል ነበር። በ1978 (እ.ኤ.አ.) 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለማስተካከያ ተመልሰው ሲጠሩ የተጨመረላቸው የፕላስቲክ መከላከያና ረዘም ያለ የመሙያ አንገት እንጂ ስለታም ጠርዝ ያለው ብረት አይደለም።

ጠያቂ፦ ዛሬ መኪናዋን አንሥተን አየነው። ከመሙያው ጎማ ቱቦ በስተጀርባ፣ ፋሸታው ሥር፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ዙሪያውም አቧራ ይዞ ጠቁሯል። አዲስ ቱቦ እስኪገኝ ከግማሽ በላይ አላስሞላም።

መልስ (ኮምቦልቻ፣ መካኒክ)፦ ግማሹም በሐረጎ ዳገት ወደ ኋላ ይተኛል፤ ቱቦው እስኪቀየር መኪናዋን አቁማት።